ነጻ ኤጀንሲ ላይ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ስልጣን እስከ የት ነው? ለጠየቃችሁኝ መልስ

ሰላም ጓዶች፣ ስለ አሜሪካ ነጻ ኤጀንሲዎች (ከፕሬዝዳንቱ ቀጥታ ትእዛዝ ውጪ እንዲሰሩ ኮንግረስ ስላቋቋማቸው የመንግስት መስሪያ ቤቶች) የጠየቃችሁኝን ተራ በተራ ልመልስ፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

ጥያቄ፦ ፕሬዝዳንቱ ኤፍቲሲን (የፌዴራል ንግድ ኮሚሽንን) "ይሄን ደንብ አውጡ" ቢላቸው ግዴታ አለባቸው?

መልስ፦ ማለት ይችላል፣ ግን እሱ ስለፈረመበት ደንብ አይሆንም። ኮንግረስ ስልጣኑን የሰጠው ለኮሚሽነሮቹ ነው፣ በህጉ 5 ናቸው፣ ከአንድ ፓርቲም ከ3 በላይ መሆን አይችሉም፣ ድምፅ ሰጥተው ነው የሚያወጡት።

ጥያቄ፦ እምቢ ካሉትስ አያባርራቸውም?

መልስ፦ ትልቁ ክርክር እዚች ጋ ነው። ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት በ1933 ሃምፍሪ የሚባለውን የኤፍቲሲ ኮሚሽነር በሀሳብ አንግባባም ብሎ አባረረው፣ ሰውየው ከሞተ በኋላ ውዝፍ ደሞዙ ይከፈል ተብሎ ክስ ተመሰረተና በ1935 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ሩዝቬልትን ረታው፤ አቅም ማነስ፣ ስራን ችላ ማለት ወይ በስልጣን መባለግ ካልተገኘ አይባረርም አለ። በ2020 ግን በአንድ ዳይሬክተር ብቻ የሚመራ ኤጀንሲ ላይ ይሄ ከለላ አይሰራም ተባለ፣ በሜይ 2025 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ትራምፕ ያባረራቸው የሁለት ቦርዶች አባላት ክርክሩ እስኪያልቅ ከስራ ውጪ እንዲቆዩ ፈቀደ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ (የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ) ግን አወቃቀሩ የተለየ ነው ብሎ ነጥሎታል። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄ ነው፣ ነገ እባረራለሁ ብሎ የሚፈራ ኮሚሽነር ያመነበትን ድምፅ እንዴት ይሰጣል?

ጥያቄ፦ በ2025 የወጣው ትእዛዝ ምን ቀየረ?

መልስ፦ በክሊንተን የ1993 ትእዛዝ ነጻ ኤጀንሲዎች የደንብ ረቂቃቸውን ለዋይት ሀውስ ግምገማ አያቀርቡም ነበር፣ በፌብሩወሪ 2025 ትራምፕ ዋና ዋናዎቹን አቅርቡ አሏቸው። የፌዴራል ሪዘርቭ የገንዘብ ፖሊሲ አልተነካም።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አባርሮ የራሱን ሰዎች ቢያስቀምጥ አለቀ ማለት ነው?

መልስ፦ አላለቀም! ብዙ ሰው ማባረርንና ደንብ ማውጣትን አንድ ያደርጋቸዋል። አዲሶቹን ሴኔቱ ማጽደቅ አለበት፣ ከዛ በኋላም የ1946ቱ የአስተዳደር ስነ ስርአት ህግ አለ፣ ረቂቁ ይታተማል ህዝቡ አስተያየት ይሰጣል ኤጀንሲውም ምክንያቱን ያስረዳል፣ የነበረን ደንብ ለመሰረዝም እንደዛው ነው። የሬገን አስተዳደር የመኪና ኤርባግና አውቶማቲክ ቀበቶ ደንብን ሲሰርዝ ፍርድ ቤቱ በ1983 በቂ ምክንያት አልሰጣችሁም ብሎ መልሶባቸዋል፣ ያውም ደንቡን የሰረዘው ኤጀንሲ ነጻ አልነበረም፣ ፕሬዝዳንቱ ቀጥታ የሚያዘው ነበር።