«ባሌ ይስቅብኛል»

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልሽ ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው። 43 ዓመቴ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የምውል የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሩጫ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። ገና ከበር ስገባ «ደራርቱ መጣች!» ይላል። ልጆቹ ፊት፣ እንግዳ ፊት። ባለፈው እሑድ ቡና ላይ እንዴት እንደማለከልክ ለጎረቤት እያስመሰለ አሳያቸው። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ማታ ግን አለቀስኩ።

ፕሮግራሙን ያወጣልኝ የወንድሜ ልጅ ነው። 19 ዓመቱ ነው፤ አትሌቲክስ ይሠለጥናል። ራሱ የሚሠራውን ጽፎ ሰጠኝ፤ በሳምንት ስድስት ቀን፣ ጠዋት 12 ሰዓት። አንድም ቀን አልቀረሁም። ጾሙን እስከ 9 ሰዓት ስለምይዝ ውሃም አልቀምስም። ሐሙስ ዕለት ብቻ ዓይኔ ጨለመብኝና የሰው አጥር ይዤ ቆምኩ፤ ወዲያው ተወኝ። ደረጃ ስወርድም ጉልበቴን ይወጋኛል። ባሌ ቢሰማ «አላልኩሽም?» ይለኛል ብዬ ዋጥኩት። አሁን ባቆም እሱ አሸነፈ ማለት ነው?

የደከማት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህቴ፣ ስለ ባልሽ ሳቅ ይህን ሁሉ ጻፍሽ። ስለ አጥሩ አንድ መስመር። እኔን ያስደነገጠኝ አጥሩ ነው።

ከማታ ጀምሮ እህል ውሃ ሳትቀምሺ፣ በዚያ ብርድ፣ ከ2,700 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ላይ ትሮጫለሽ። ከዚያ ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ ውሃ ሳይነካሽ ትውያለሽ። ዓይንሽ ባይጨልም ነበር የሚገርመኝ። ሩጫውን ዛሬውኑ አቁሚ። ጤና ጣቢያ ሄደሽ የደም ግፊትና የደም ማነስ ይዩልሽ። ለእነሱም እንደ እኔ በጨረፍታ እንዳትነግሪያቸው።

ጾሙን ፍቺ አልልሽም፤ ሰዓቱን ቀይሪ። በ9 ሰዓት ብዪ፣ ውሃ ጠጪ፣ 11 ሰዓት ላይ ውጪ።

ለልጁ ፕሮግራሙን በደግ ቃል መልሺለት። እሱ ዓመታት የፈጀበትን አንቺ በሦስት ሳምንት ጉልበትሽ ላይ ጫንሽው። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፤ ጅማትና መገጣጠሚያ ግን ወራት ይፈልጋሉ። ደግሞ ሰውነት የሚጠነክረው ከድካሙ በኋላ ሲበላና ሲያርፍ ነው። ዕረፍት ስንፍና አይደለም፣ እባክሽ!

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል። የግድ ሩጫ አይልም፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ጤና ጣቢያ ደህና ነሽ ካሉሽ በሳምንት ሦስት ቀን፣ 20 ደቂቃ በመራመድ ጀምሪ። እየሄድሽ ማውራት ከቻልሽ፣ መዝፈን ግን ካቃተሽ፣ ልኩ ያ ነው። ሲቀልልሽ አምስት ደቂቃ ጨምሪ። ሁለት ቀን ደግሞ እዚያው ወንበርሽ ላይ አሥር ጊዜ ተነሥተሽ ተቀመጪ። ጉልበትን የሚደግፈው የጭን ጡንቻ ነው። ከወጋሽ ግን ተዪው።

ባልሽን ስለ አጥሩ ዛሬ ማታ ንገሪው። ቀልዱ ያስለቀሰሽ መሆኑንም ጭምር። ይህ መሸነፍ አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብቻሽን እንድትወጪ አልፈልግም፤ በ11 ሰዓት ጫማውን አድርጎ አብሮሽ ይውጣ።