የቃል ትእዛዝና የጽሑፍ ፊርማ

ሰሞኑን አንድ ወጣት የንብረት ክፍል ሠራተኛ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ፦ «የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው። አለቃዬ ገና ያልገባ ዕቃ እንደገባ አድርገህ ፈርም ይለኛል። አቅራቢው ታማኝ ነው፣ ዕቃውም በቅርብ ቀን ይደርሳል። ብፈርም ምን አለበት?»

አትፈርም። መልሱ ይኸው ነው፤ ለመልሱማ አንድ ቃል በበቃኝ ነበር። ጥያቄውን ካነበብኩ ወዲህ ግን አንዲት የመጋዘን ሠራተኛ ከሐሳቤ አልወጣ ብላለች።

ያን ጊዜ የውስጥ ኦዲት ክፍል ጀማሪ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት። የሒሳብ ክፍሉ ኃላፊ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው፣ ሙያውን እጃችንን ይዘው ያስተማሩን ሰው ናቸው። የተሳሳተ ቁጥር እንደማይፋቅ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። በአንድ ቀጭን መስመር ይሰረዛል፣ የድሮው ቁጥር እንዲነበብ ይተዋል፣ ትክክለኛው ከጎኑ ተጽፎ ይፈረምበታል። ላጲስ የነካው ሰነድ ካዩ ፊታቸው ይለዋወጥ ነበር። የመደመሪያ ማሽን ፊታቸው ተቀምጦ ረጅሙን ዓምድ በጣታቸው እየወረዱ በቃላቸው ይደምሩታል፤ ከማሽኑም አይለዩም። ይህ ከነገሬ ጋር አይገናኝም፤ ግን ሰውየው ሲነሱ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ያ ጣታቸው ነው።

አንድ ዓመት፣ በጀት መዝጊያ ላይ፣ የተገዛ ዕቃ መንገድ ላይ ዘገየ። ካልተከፈለ ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል፤ ለከርሞም «አልተጠቀሙበትም» ተብሎ በጀቱ ይቀነሳል። ጋሼ መጋዘን ድረስ ወርደው ያቺን ሠራተኛ «ሰሞኑን ይደርሳል፤ የመረከቢያ ሰነዱን ቁረጪ» አሏት። ቆረጠች። ዕቃውም በቁጥሩ ልክ ደረሰ። ማንም ምንም አልሰረቀም፣ ሁሉም ደስ አለው።

በሚቀጥለው ዓመት መውረድ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ በስልክ አለቀ። ከዚያማ አሠራር ሆነ። አቅራቢዎቹም ልማዱን ለመዱት። ገንዘቡ እጁ የገባ ነጋዴ ዕቃ ለማምጣት ምን ያስቸኩለዋል? አንደኛው ግማሹን አራግፎ የቀረውን «ነገ፣ ከነገ ወዲያ» ሲል ጠፋ።

ጉዳዩን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ቢን ካርዱ ላይ፣ ማለት የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት የመጋዘን ካርድ ላይ፣ ቁጥሮቹ ሁሉ ይገጥማሉ፤ የማይገጥመው ቀኑ ነው። የመረከቢያ ሰነዱ የተቆረጠው ዕቃውን ያመጣው መኪና ገና ከመጫኑ በፊት ነበር። ያልተጫነ ዕቃ መጋዘን ገብቷል! መደርደሪያውን ስንቆጥር ግማሹ የለም።

ልጅቷ አልካደችም። «ቁረጪ ያሉኝ ጋሼ ናቸው» አለች። እሳቸው ሲጠየቁ «መድረሱን አረጋግጪና ቁረጪ ነው ያልኳት» አሉ። ምስክር የለም፣ ማስታወሻ የለም፤ ያለው የእሷ ፊርማ ብቻ ነው። በሪፖርቴ «ዕቃውን ሳይረከቡ መረከባቸውን በፊርማቸው አረጋግጠዋል» ብዬ የጻፍኩት ዛሬም በቃሌ አለ። ዓረፍተ ነገሩ እውነት ነው። ልጅቷ ከሥራ ተሰናበተች፣ የጎደለውንም እንድትከፍል ተወሰነባት። ጋሼ በማስጠንቀቂያ አለፉ፤ ኋላም በክብር ጡረታ ወጡ።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ይህ ነው። ዕቃ ሳይመጣ ብትፈርም እሷ ምን ታገኛለች? በጀቱ ቢመለስ የሚጎዳው ማነው? ይህን የጠየቀ አልነበረም። ኦዲት በማስረጃ እንጂ በግምት አይጻፍም ተባለ፤ ትክክልም ነው። አሁንም አንድ ጀማሪ ግምቱን ሪፖርት ላይ ቢያሰፍርብኝ እሰርዝበታለሁ። ሆኖም ያቺ ልጅ እውነቷን እንደነበር ያልገባው ሰው በዚያ ሕንፃ ውስጥ አልነበረም። ጋሼን ክፉ ሰው ናቸው ለማለት ደግሞ አንደበቴ እስከ ዛሬ እምቢ ይለኛል። የመሥሪያ ቤቱን በጀት ለማዳን ብለው ጀመሩት፤ መጀመሪያ ጊዜ ምንም አልደረሰም፤ ምንም አለመድረሱ ነው ያጠፋቸው።

ነገሩ የትም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 በሲንቲያ ኩፐር የሚመራው የውስጥ ኦዲት ቡድን ያጋለጠው የዎርልድኮም፣ የአሜሪካው የቴሌኮም ኩባንያ፣ ማጭበርበር መጀመሪያ 3.8 ቢሊዮን ዶላር ተባለ፤ ኋላ ወደ 11 ቢሊዮን ደረሰ። ዘዴው ውስብስብ አልነበረም፤ በዓመቱ ወጪነት መያዝ ያለበትን እንደ ቋሚ ንብረት መመዝገብ ነው። ትእዛዙ ከላይ መጣ፣ ቁጥሩን መዝገብ ላይ ያስገቡት ግን የበታች ባለሙያዎች ናቸው። አንደኛዋ ለመልቀቅ ቆርጣ ሳለ አለቆቿ አግባብተዋት ቀረች፤ መጨረሻዋ 5 ወር እስራትና 5 ወር የቤት ውስጥ እስር ሆነ። እርግጥ እዚያ ዋና ሥራ አስፈጻሚውም 25 ዓመት ተፈርዶበታል። የእኛዋ ልጅ ያዘዟት ሰው ያን ያህል ሲቀጡ እንኳ አላየችም።

እምቢ ያለስ? አለን ማክዶናልድ ቻሌንጀር የተባለችውን የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ሮኬት ሞተር የሠራው የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ በማስወንጨፊያው ጣቢያ ያስቀመጠው ኃላፊ ነበር። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 1986 ምሽት መሐንዲሶቹ ብርዱ የሞተሩን የጎማ ማሸጊያዎች ያደነድናቸዋል ብለው አስጠነቀቁ። እሱም የማስወንጨፊያውን ስምምነት አልፈርምም አለ። ሌላ ኃላፊ ከዋናው መሥሪያ ቤት ፈርሞ በፋክስ ላከ። በማግስቱ መንኮራኩሯ በተነሳች በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች፤ 7 ሰዎች ሞቱ። ሰውየው ለአጣሪ ኮሚሽኑ እውነቱን በመናገሩ ከቦታው ዝቅ ተደረገ፤ የኮንግረስ አባላት ጣልቃ ሲገቡ ነው የተመለሰው፤ ኋላም ሞተሩን እንደገና የመንደፉን ሥራ መራ። እምቢታው ማንንም አላዳነም፤ ለራሱም በነጻ አልሆነለትም። እውነተኛ ሰው አይወድቅም የሚሏችሁን አትስሟቸው፤ ይወድቃል።

እናንተ የዛሬ ልጆች ከእኛ ይልቅ ደፋሮች ናችሁ፤ ይህን አልክድም። ግን ቶሎ ትለቃላችሁ። ነገር የሸተተው ሁሉ መልቀቂያ ያስገባል፤ ንጹሕ ሆኜ ወጣሁ ይላል። ወንበሩ እኮ ባዶ አይቀርም፤ የሚቀመጥበት ከእናንተ ያነሰ ልምድ ያለው ሌላ ፈራሚ ነው። ቆዩና ተከራከሩ እላችኋለሁ። ይህን ካልኩ በኋላ ደግሞ፣ ያቺን ልጅ በሁለተኛው ዓመት ባገኛት ኖሮ የምላት «ውጪ» ነው፤ ስለዚህ ቃሌን እንደ ሕግ አትያዙት።

ስትከራከሩ አለቃችሁን ሌባ አትበሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ሌባ አይደለም፣ የጨነቀው ሰው ነው። እንዲህ ብላችሁ ጻፉለት፦ «ዕቃው ሲደርስ ቆጥሬ በዚያው ቀን እፈርማለሁ። ከዚያ በፊት እንድፈርም ከተፈለገ መመሪያው በጽሑፍ ይሰጠኝ።» ዘጠኙ ከአሥሩ ጽሑፉ አይመጣም። ከመጣም አትፈርሙ፤ ያልገባ ዕቃ በደብዳቤ አይገባም። ዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደንብም ባለሙያው ሐሰተኛ ወይም አሳሳች መሆኑን ከሚያውቀው መረጃ ጋር ስሙ እንዳይያያዝ ይከለክላል፤ «አለቃዬ አዘዘኝ» የሚል በር አልተወለትም። ለአለቃውም መውጫ አሳዩት። ውል የታሰረበትን ገንዘብ ወደ ቀጣዩ ዓመት ለማሻገር ወይም በባንክ ዋስትና ቅድሚያ ክፍያ ለመስጠት የሚፈቅዱ ብዙ መመሪያዎች አሉ፤ መዝጊያው ሳምንት ሳይደርስ ያነበባቸው ስለሌለ ነው ውሸቱ የሚቀለው።

ስልካችሁን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። ሰነድ ፎቶ አንስታችሁ ለጓደኛ መላክ፣ ከዚያም አደባባይ ማውጣት ትወዳላችሁ። በብዙ ተቋማት የመሥሪያ ቤት ሰነድ ማውጣት ራሱን የቻለ ጥፋት ነው፤ አለቃችሁ ተረስቶ እናንተ ትከሰሳላችሁ። ከዚያ ይልቅ የቃል ትእዛዝ በተሰጣችሁ ቀን ለራሱ ለአለቃችሁ አጭር ኢሜይል ላኩ፤ «ዛሬ ጠዋት በስልክ ባዘዙኝ መሠረት የሚከተለውን ተረድቻለሁ» ብላችሁ የተባለውን ጻፉ፣ የኦዲት ክፍሉንም ግልባጭ አድርጉ። ድሮ እንዲህ የሚያደርግ የሥራ ባልደረባ ነበረን፤ ነገረኛ እንለው ነበር።