የጭንቅላት ኤምአርአይ «ኖርማል» ስለተባለ የዓይን ነርቩ ታይቷል ማለት አይደለም

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። የ34 ዓመቱ ወንድምሽ ዓይኑን ሲያዞር ያመዋል፤ አንዱ ዓይኑም በአምስት ቀን ውስጥ ደበዘዘ። የጭንቅላት ኤምአርአዩ ግን «ኖርማል» ነው ተብሏል። ታዲያ የዓይን ኤምአርአይ እንደገና መታዘዙ ለገንዘብ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለም።

የኔም የመጀመሪያ ሪፖርት ንጹህ ነበር። ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ። በሳምንቱ ወጥ ስሠራ ቀኝ ዓይኔን ብሸፍን በርበሬው ሽሮ መሰለኝ፤ ቅላቱ ጠፋ። ሌላ ሐኪም ጋ ሄድኩ። ሲዲውን ከፈተችና «ይሄ አንጎልሽን ነው ያነሳው፣ የዓይን ነርቭሽን በቅጡ አላየውም» አለችኝ።

ነርቩ ውፍረቱ ከሦስት እስከ አራት ሚሊሜትር ቢሆን ነው። በተለመደው የጭንቅላት ምስል ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። በዚያ ላይ ዙሪያው ስብ ነው። ስቡም ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ኮንትራስት የሚባለው በደም ሥር የሚሰጥ ማጉያ መድኃኒት ያጎላው የተቆጣ ነርቭም ነጭ ነው። ነጠላ ላይ የወደቀ ነጭ ክር እንደመፈለግ ነው። ለዚህ ነው ስቡን የሚያጠቁር (ፋት ሳፕሬሽን)፣ በቀጭን በቀጭኑ የሚያነሳ፣ ከኮንትራስት ጋር የሚሠራ የኦርቢት፣ ማለትም የዓይን ጎድጓዳ፣ ኤምአርአይ የሚያስፈልገው።

ሁለተኛው ሲነሳ ሐኪሟ ስክሪኑን አዙራ አሳየችኝ። የግራው ነርቭ ከግማሽ በላይ ርዝመቱ አብጧል። ከፊት ለፊት በተቆረጠው ምስል ደግሞ የነርቩ ሽፋን እንደ ነጭ ቀለበት ከቦታል። «ይሄ ሞግ የሚባለውን አንቲቦዲ ያስጠረጥረኛል» አለች። አንቲቦዲ የሰውነት መከላከያ ነው፤ ይሄኛው ግን ተሳስቶ የራስን ነርቭ ያጠቃል። አኳፖሪን 4 የሚባለው ሌላ አንቲቦዲ የሚያመጣው ቁጣ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ፣ ሁለቱ ነርቮች ወደሚገናኙበት ያዘነብላል። ኤምኤስ (መልቲፕል ስክለሮሲስ) የሚባለው የነርቭ በሽታ የሚያመጣው አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፣ በአንድ ዓይን ይወሰናል። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይለይም፤ ምስል ብቻውን አይፈርድም። የደም ምርመራው የግድ ነው። በ2023 በወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት ደግሞ የሞግ ውጤት በትንሹ ብቻ ፖዘቲቭ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ የምስል ወይም የሕመም ምልክት እንዲደግፈው ይፈለጋል። የኔ ደም ውጭ አገር ተልኮ ሞግ ፖዘቲቭ ሆኖ መጣ።

አንድ ነገር አደራ። ሐኪሙ ስቴሮይድ፣ ማለትም ቁጣውን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ጀምሩ ካለ ኤምአርአይ እየጠበቃችሁ እንዳታዘገዩት። ከተቻለ የአንቲቦዲ ምርመራው ደም ስቴሮይዱ ከመጀመሩ በፊት ይቀዳ። እኔ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ አንድ ግራም በቀን፣ ለአምስት ቀን ወስጃለሁ። የማየት አቅሜ አብዛኛው ተመልሷል፤ ቀዩ ግን አሁንም ትንሽ ይደበዝዝብኛል።

ወንድምሽ የኩላሊት ችግር ካለበት፣ ወይም ብየዳ ሲሠራ ብረት ዓይኑ ገብቶ የሚያውቅ ከሆነ ሳይገባ በፊት ይናገር። ውስጥ ከገባ በኋላ ዓይኑን ይጨፍን፣ አያንቀሳቅሰውም፤ ካንቀሳቀሰው ምስሉ ይበላሻል።

አሁን የማዘዣ ወረቀቱን አውጪና እዪ። «ኦርቢት፣ ፋት ሳፕሬሽን፣ ከኮንትራስት ጋር» ይላል? ካላለ ሳትከፍሉ ሐኪሙ ጋ ደውዪ። የድሮውንም ሲዲ ይዛችሁ ሂዱ።