ስለ ኢንቨርቱ፣ ስለ ትከሻሽና ጓደኞችሽን ስለማስተማሩ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ ከስራ ስወጣ ነው ያየሁት፣ ሁለት መስመር ጽፌ ላልፍ ነበር ግን ትከሻዬን ያመኛል ያልሽው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልሽ ነው፣ ይረዝማል ታገሺኝ። ጥያቄውን ላላያችሁት፣ እህታችን አፓርታማዋ ውስጥ ፖል ማለትም ቀጥ ብሎ ሚቆም የብረት ምሰሶ ተክላ በዩቱብ ፖል ዳንስ መማር ከጀመረች አራት ወር ሆኗታል፣ ስፒኖቹን ማለትም ፖሉን ይዞ መዞሩን ይዛለች፣ ፖሉ ላይ መውጣትም ትችላለች፣ ኢንቨርት ማለትም ፖሉን ይዞ ወደኋላ ተገልብጦ እግርን ወደ ላይ መክፈት ግን እምቢ ብሏታል፣ ስትሞክር ቀኝ ትከሻዋን ይወጋታል፣ በዛ ላይ ሁለት ጓደኞቿ እኛንም አስተምሪን እያሏት ነው። ቤተሰብ እንዳይሰማ ማታ በሯን ዘግታ ብቻዋን እንደምትሰራም ጽፋለች። ይሄ የመጨረሻው ከሁሉም በላይ አሳስቦኛል፣ እመለስበታለሁ።

እኔ አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ምኖረው፣ ፖል ከጀመርኩ ሰባተኛ አመቴ ነው፣ ያለፉትን ሦስት አመት ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ ጀማሪዎችን አስተምራለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ምነግርሽ በራሴ ሰውነትና በተማሪዎቼ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ ትከሻው። ሁለት አይነት ሕመም አለ። አንዱ በማግስቱ ሚመጣው ነው፣ ክንድሽ ዝሎ፣ ብብትሽ ስርና ጀርባሽ ሰንፎ፣ በሁለቱም በኩል፣ ከዛ በሁለት ሦስት ቀን ሚጠፋ፣ እሱ የስራ ሕመም ነው አትፍሪው። ሌላው አንድ ቦታ ላይ ሚወጋው ነው፣ ኩባያ ከመደርደሪያ ለማውረድ እጅሽን ስታነሺ ቀጥ አድርጎ ሚይዝሽ፣ ወይ ሌሊት በዛ ጎን ስትተኚ ሚቀሰቅስሽ፣ ወይ ጣትሽን ሚያደነዝዝ። ያንቺ ሁለተኛውን ነው ሚመስለው ስለዚ ኢንቨርቱን አሁኑኑ አቁሚና ፊዚካል ቴራፒስት ጋ ሂጂ፣ ስትሄጂ ደሞ ስፖርት እሰራለሁ ብለሽ ብቻ አትለፊው፣ ፖል ላይ እንደምትንጠለጠዪ በግልጽ ንገሪያት። እጅሽ ከራስሽ በላይ ሆኖ ሙሉ ክብደትሽን እንደሚሸከም ካላወቀች ለዛ ሚሆን እንቅስቃሴ አትሰጥሽም።

ቪዲዮሽን ሳላይ እንዲህ ነው ማለት አልችልም ግን ጀማሪ ላይ ደጋግሜ ማየውን ልንገርሽ። እጅሽን ዘርግተሽ ዝም ብለሽ ስትንጠለጠዪ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ይወጣል፣ ጡንቻው ስራውን ይተዋል፣ ክብደትሽ በሙሉ መገጣጠሚያው ላይ ይቀራል። ከዛ ሁኔታ ተነስተሽ እግርሽን ወርውረሽ ለመገልበጥ ስትሞክሪ ያ ሁሉ ንቅነቃ ባልተዘጋጀ ትከሻ ላይ ነው ሚያርፈው፣ አንድ ማታ ሃያ ጊዜ ደግሞ ከተሞከረ ባያምሽ ነበር ሚገርመኝ። ለሐበሻ ተማሪ ይሄን ማስረዳት በጣም ይቀለኛል። እስክስታ ስትወርጂ ትከሻሽን ከሌላው ሰውነትሽ ለይተሽ ታዢው የለ? እሱኑ ነው ምፈልገው እላታለሁ። ፖሉን ትይዛለች፣ እግሯ ከወለል ሳይነሳ ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ ትንሽ ክብደት ትሰጠዋለች፣ ከዛ ትከሻዋን ከጆሮዋ አውርዳ ወደ ኋላ ወስዳ እዛው ትይዘዋለች፣ አምስት እስክትቆጥር። አንዷ ልጅ ለሁለት ሳምንት ስንነግራት ያልገባትን ነገር እስክስታ ካልኳት በኋላ በአንድ ደቂቃ አገኘችው፣ ፊቷ ላይ ሲበራ አየሁት። አንቺም ቴራፒስቷ ስትፈቅድልሽ ከዚህ ጀምሪ፣ ሁሌ ከመስራትሽ በፊት ደሞ አስራ አምስት ደቂቃ ሰውነትሽን አሙቂ፣ በተለይ የእጅ አንጓሽን፣ ትከሻሽንና ሆድሽን።

ኢንቨርቱ ሚነሳው በሆድና በጀርባ ነው። ፖሉ ጎድንሽ ላይ ተጠግቶ፣ ክንድሽ ታጥፎ፣ እጅሽ ደረትሽና አገጭሽ አካባቢ ከፍታ ላይ ሆኖ፣ መቀመጫሽን ከፖሉ ወደፊት አሳልፈሽ፣ ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ ሰብስበሽ ቀስ ብለሽ ወደኋላ ትጋደሚያለሽ። እግር ሚከፈተው መጨረሻ ላይ ነው። ካልተነሳልሽ አቅሙ ገና አልመጣም ማለት ነው፣ እና በመዝለል ከተነሳሽ ያን አቅም መቼም አታገኚውም ምክንያቱም ዝላዩ ስራውን እየሰራልሽ ነው። የኔ ክላስ ውስጥ ያለው ደንብ እንዲህ ነው፣ ጉልበቷን ሰብስባ፣ ሳትዘል፣ በቀኝም በግራም ሦስት ሦስት ጊዜ ለአምስት ሰከንድ ካልያዘች እግሯን እንድትከፍት አልፈቅድላትም። የግራውን አትዝለዪው። በጥሩ ጎናችን ብቻ ስንሰራ አንዱ ትከሻ ብቻውን ሁሉንም ይሸከማል፣ ያንቺም ቀኙ ብቻ መታመሙ ይሄን ነው ያሳሰበኝ። ትዊስትድ ግሪፕ ሚሉትን ደሞ፣ የላይኛውን እጅ ጠምዝዞ ሚያዘውን፣ ይሄ ትከሻ እስኪሻልሽ አትንኪው፣ ትከሻውን ወደ ውስጥ አዙሮ ነው ሚያስጨንቀው።

አሁን ስለ መውረዱ። ሁለተኛ አመቴ ላይ አውትሳይድ ሌግ ሃንግ ሚባለውን፣ በጉልበት ማጠፊያ ተይዞ ቁልቁል መንጠልጠሉን፣ ከቪዲዮ አይቼ ቤቴ ሞከርኩት። ቪዲዮው እንዴት እንደሚገባበት በደንብ ያሳያል ከዛ ሴትየዋ ተንጠልጥላ ፈገግ እንዳለች ያልቃል። እኔም ገባሁበት። ከዛ እዛው ቀረሁ። የጉልበቴ ማጠፊያ ቆዳ እየተቃጠለ፣ ደም ፊቴ ላይ ወርዶ፣ እጄን ወደ ፖሉ ልመልስ ብል ሆዴ ደክሞ አልነሳኝ አለ፣ መዳፌም በላብ ርሷል። ወለሉ ቅርብ መስሎኝ አንድ እጄን ዘርግቼ እግሬን ለቀቅኩት። አንጓዬ ተሰብሮ ስድስት ሳምንት ጀሶ ውስጥ ቆየ። ማት ማለትም ፖሉ ስር ሚነጠፍ ፍራሽ አልነበረኝም፣ ቤት ውስጥም ማንም አልነበረም፣ ስልኬ ሶፋው ላይ ነበር፣ በግራ እጄ ነው ታክሲ የጠራሁት። ከዛ ወዲህ ለራሴም ለተማሪም አዲስ ነገር ስጀምር መውጫውን ነው መጀመሪያ ምሰራው። ለኢንቨርት መውጫው እግር መዝጋት፣ ጉልበት መሰብሰብ፣ እግር ወለል እስኪነካ ድረስ በዝግታ መውረድ ነው፣ እጅ እስከመጨረሻው ፖሉን አይለቅም። በዝግታ መውረድ ካልቻልሽ ገና መውጣት የለብሽም። ከተንሸራተትሽ ደሞ አገጭሽን ደረትሽ ላይ ለጥፊው፣ አንገትሽን ሚያተርፍልሽ እሱ ነው።

ፖልሽ ኮርኒሱን እየገፋ ሚቆም ከሆነ ከላይ ምን እንዳለ አይተሻል? እዚህ አሜሪካ አፓርታማ ውስጥ ኮርኒሱ አብዛኛውን ጊዜ ድራይዎል ማለትም ስስ የጂፕሰም ሰሌዳ ነው፣ ባዶው ድራይዎል ላይ ከተገፋ እየጎደጎደ ይሄድና ፖሉ ቀስ በቀስ ይላላል። እንጨቱ ያለበትን ቦታ በስተድ ፋይንደር፣ ከሰሌዳው ጀርባ ያለውን እንጨት በሚጠቁመው መሣሪያ፣ ፈልገሽ ከስሩ ነው ሚተከለው። ቀጥ ብሎ መቆሙን በውሃ ልክ እዪ፣ በየቀኑ ከመጀመርሽ በፊት በሁለት እጅሽ ነቅንቂው። ሚሽከረከርም ሚቆለፍም ከሆነ ስታቲክ ማለትም ፖሉ ሳይሽከረከር ስትሰሪ መቆለፊያው መጥበቁን አረጋግጪ፣ እየተገለበጥሽ ሳታስቢው መሽከርከር ከጀመረ አቅጣጫሽ ይጠፋብሻል። ውፍረቱ 45 ሚሊ ሜትር ቢሆን ለትንሽ እጅ ይመቻል፣ 50 ሚሊ ሜትሩ ለመጨበጥ ይከብዳል። ማት ግዢ፣ ዮጋ ማት ሳይሆን 10 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ውፍረት ያለውን ክራሽ ማት። ግን ማቱ አንገትሽን አያድንም፣ ሰው አጠገብሽ መኖሩን አይተካም።

ቅባት። እኛ ከሻወር ወጥተን ሎሽን ሳንቀባ ከቤት አንወጣም፣ እዚህ ጋ ግን ጠንቅ ነው። በምትሰሪበት ቀን ምንም አትቀቢ፣ ድርቀቱ ካስቸገረሽ ቀደም ባለው ማታ ተቀቢ። አንዷ ተማሪዬ ቅዳሜ ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታ በሻሽ አስራ ቆይታ ማክሰኞ መጣች፣ ታጥባዋለች፣ ግን አንገቷንና ትከሻዋን ሲነካ ፖሉ ላይ ተላለፈ፣ ቀጥላ የወጣችው ልጅ ከግማሽ መንገድ ወለሉ ድረስ ተንሸራታ ወረደች። ፖሉን በየመሀሉ በአልኮል መወልወል ለዛ ነው። ቁምጣውም ለዛው ነው፣ ሚይዘን ቆዳችን ነው፣ በታይት ላይ የጉልበት ማጠፊያ አይይዝም። ቀለበትና አምባር ይወልቃል፣ ሹሩባሽ ይታሰራል። ማተብሽን ፍቺ አልልሽም፣ እኔም አልፈታሁም፣ ግን ስትገለበጪ ተንሸራቶ ፊትሽ ላይ ይመጣል ወይም ክሩ በፖሉና በእጅሽ መሀል ይገባል፣ ክሩን አሳጥሪና መስቀሉን በስፖርት ፕላስተር ደረትሽ ላይ ለጥፊው።

ጾም ላይ ከሆንሽና እስከ 9 ሰዓት ምትቆዪ ከሆነ ሳትበዪ መገልበጥ የለም። አንድ አብይ ጾም ላይ ሁለት ልጆች አዙሯቸው መቀመጥ ነበረባቸው፣ አሁን በጾም ወቅት እነሱን ወለል ላይ ነው ማሰራቸው። ግፊት ያለባት፣ እርጉዝ የሆነች፣ ወይ የዓይን ግፊት ግላኮማ አለብሽ የተባለች ሐኪሟን ሳትጠይቅ ቁልቁል አትሁን።

ተደብቀሽ መስራትሽ። ይገባኛል፣ እኔም ሁለት አመት ደብቄአለሁ፣ አንጓዬ ሲሰበር ለታላቅ እህቴ ደረጃ ላይ ወደቅኩ ነው ያልኳት። ግን መደበቅ ማለት ስትወድቂ ሚሰማሽ የለም ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ለእህቴ ስነግራት ስልኬን አውጥቼ ሕንዶቹ ማላካምብ ሚሉትን አሳየኋት፣ ወንዶች እንጨት ምሰሶ ላይ ሚሰሩትን ጂምናስቲክ፣ ከዛ ዓለም አቀፍ የፖል ስፖርት ፌዴሬሽን በ2009 እንደተቋቋመ፣ በ2017 ደሞ ከዓለም አቀፎቹ የስፖርት ፌዴሬሽኖች ማኅበር የታዛቢነት እውቅና እንዳገኘ ነገርኳት። ከክለብ ዳንሰኞች እንደመጣም አልደበቅኳትም፣ ዛሬ ምንሰራቸውን ብዙ እንቅስቃሴዎች ያቆዩልን እነሱ ናቸው፣ ክብር ይገባቸዋል። እህቴ ወዲያው አልወደደችውም። ግን አሁን ቤት ስሰራ እሷ ሳሎን ቁጭ ትላለች። እናትሽን ንገሪ አይደለም ምልሽ፣ አንድ ሰው ይወቅ፣ ስልክሽም ወለሉ ላይ እጅሽ ሚደርስበት ቦታ ይሁን።

ጓደኞችሽን ማስተማሩን በተመለከተ፣ እግር ከወለል በጣም ማይርቅበትን አሳዪያቸው፣ ፖሉን ይዞ መራመድ፣ ፋየርማን ስፒን ሚባለውን የጀማሪ ዙር፣ ትከሻ መያዙን፣ ሰውነት ማሟሟቁን። መገልበጥ አይሆንም፣ መውጣትም ለጊዜው አይሆንም። ሌላ ሰው ሲሰራ እንዳይወድቅ መያዝ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። ማስተማር ስጀምር አንዷን ስትገለበጥ ልደግፋት ብዬ ቁርጭምጭሚቷን ያዝኩ፣ እጇ ተንሸራተተ፣ እግሯ እኔ ጋ ቀርቶ ጭንቅላቷ ወደ ወለሉ ሄደ። ዋናዋ አስተማሪ ከጎን ገብታ ጀርባዋን ባትቀበላት ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አልፈልግም፣ ልጅቷ ምንም አልሆነችም፣ እኔ ግን መኪና ውስጥ አለቀስኩ። ሚያዘው መሀል አካሏ ነው፣ አንድ እጅሽ ዳሌዋ ላይ፣ አንድ እጅሽ የላይኛው ጀርባዋ ላይ፣ ተጠግተሽ፣ ጉልበትሽን አጠፍ አድርገሽ፣ ዓይንሽ ጭንቅላቷና አንገቷ ላይ። ከመንካትሽ በፊት ልይዝሽ ነው በያት፣ እሺ ትበል። እግሯ መሬት ሳይነካ ቪዲዮ ለመቅረጽ ብለሽ አትልቀቂያት። ብቻሽን ማትችያት ከሆነ ሁለት ሰው ይያዛት፣ አሳፋሪ ነገር የለውም። ገንዘብ ልትቀበዪ ካሰብሽ ደሞ የአስተማሪነት ስልጠናና ኢንሹራንስ ሳይኖርሽ አትጀምሪ።

ሌላ ሀሳብ፣ ሦስታችሁም አንድ ስቱዲዮ ሄዳችሁ የጀማሪ ክላስ አብራችሁ ውሰዱ። አንዳችሁ ስትሰራ ሌላዋ መያዝ ትለምዳለች፣ ከዛ ቤትሽ ፖል አጠገብ ሁለት መያዝ ሚያውቁ ሰዎች ይኖሩሻል።

ቴራፒስቷ ጋ ከሄድሽ በኋላ ሁለት ነገር በውስጥ መስመር ላኪልኝ፣ አንድ ፖሉ ኮርኒሱን ሚነካበትን ፎቶ፣ ሁለት እግርሽን ሳታነሺ ትከሻሽን ስትይዢ ከጀርባሽ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ በሁለቱም ጎን። ማክሰኞ ከክላስ ስወጣ አይቼ እመልስልሻለሁ።