ጥያቄና መልስ፦ ላይክ ማድረግና ማጋራት በሕግ ፊት

በደብረ ብርሃን በጥብቅና የምሠራ የዚህ ቡድን አባል ነኝ። ስለ ጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የምታነሧቸውን ጥያቄዎች ዛሬ ማታ እመልሳለሁ። አስቀድሜ የማሳስበው አንድ ነገር ነው፤ ጽሑፉን፣ የገጹን አድራሻና ቀኑን አንድ ላይ የሚያሳይ ምስል ሳታስቀሩ ጸሐፊውን እንዲያጠፋው አትጠይቁ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ጋሼ፣ የጥላቻ ጽሑፍ ላይክ ያደረገ ጓደኛዬ «ትከሰሳለህ» ተብሎ ሰግቷል። እውነት ነው?

መልስ፦ ላይክ በማድረጉ ብቻ በዚህ አዋጅ አይከሰስም። አዋጁ «ማሠራጨት» የሚለውን ቃል ንግግርን በማናቸውም መንገድ ለብዙ ሰዎች ማድረስ ብሎ ከተረጎመ በኋላ፣ ላይክና ታግ ማድረግን ከትርጉሙ አውጥቷል። ማጋራት ግን ከወጡት መካከል አልተጠቀሰም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። «እኔ አልጻፍሁትም፣ ያጋራሁት ብቻ ነው» የሚል መከራከሪያ ይዞ ቢሮዬ የሚመጣ ሰው አላጣሁም፤ አዋጁ የሚጠይቀው ግን ማን ጻፈው ብሎ ሳይሆን ማን አሠራጨው ብሎ ነው።

ሐሰተኛ መረጃን በተመለከተ ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው፤ መረጃው ሐሰት መሆኑ፣ ያሠራጨው ሰው ሐሰትነቱን ማወቁ ወይም ማወቅ ይገባው የነበረ መሆኑ፣ እንዲሁም ሁከት ወይም ግጭት የማስነሣት ዕድሉ ከፍተኛ መሆኑ። ጣርማ በር ላይ መንገድ ተዘግቷል ብሎ በቅንነት የተሳሳተ ሾፌር ወንጀለኛ አይሆንም። የሌላ አገር የቆየ ፎቶ «የትናንት ጥቃት» ብሎ ለጥፎ፣ አንባቢዎች ፎቶው አሮጌ መሆኑን እየነገሩት ዝም ያለ ሰው ግን «አላውቅም ነበር» ለማለት ይቸግረዋል። መረጃው የተሠራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ይደርሳል።

ከደብረ ሲና፦ ፌስቡክ ላይ ተሰድቤአለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን ተብለው? በማን? መቼ? እነዚህን ሳይነግሩኝ መልስ የለኝም።

ከመሐል ሜዳ፦ ገጼን ሰርቀውብኛል፤ እንዴት ላስመልሰው?

መልስ፦ ይህን የቴክኒክ ባለሙያ ይጠይቁ።

ከአንኮበር፦ ልጄን በጥምቀት ዕለት ያነሣት ሰው ፎቶዋን ለብርድ ልብስ መሸጫ ገጹ አድርጎታል። በዚህ አዋጅ ይጠየቃል?

መልስ፦ በዚህ አዋጅ አይጠየቅም፤ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 ግን የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ አይታይም። በአደባባይ ለተፈጸመ ነገር ሕጉ ልዩ ሁኔታ አለው፤ የብርድ ልብስ ሽያጭ ግን የጥምቀት ሥርዓት አካል አይመስለኝም። ምስሉን አስቀርታችኋል?

አንድ አባል፦ አዋጁ እንደ ፌስቡክ ያሉ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ ጽሑፉን እንዲያነሡ ያዛል፤ ዋና መሥሪያ ቤታቸው ባሕር ማዶ ሆኖ ማን ያስገድዳቸዋል?

ሌላ አባል፦ ማስገደድ ቢቻልስ ይሻላል? ቅጣት የሚፈራ ድርጅት የተጠቆመውን ሁሉ ያነሣል፤ በባለሥልጣን ላይ የተጻፈ ትችትም አብሮ ይጠፋል።

የመጀመሪያው አባል፦ ትችት በአዋጁ ተጠብቋል።

ሌላው አባል፦ በወረቀት ላይ!

መልስ፦ ሁለታችሁም በከፊል ልክ ናችሁ። የፖለቲካ ትችት፣ ዜና፣ የትምህርት ጥናት፣ ኪነ ጥበብና የሃይማኖት ትምህርት በአዋጁ ከክልከላው ወጥተዋል፤ ይህን የሚመዝነው ግን በመጨረሻ ዳኛ እንጂ ጥቆማ የሚቀበል ሠራተኛ መሆን የለበትም። ወደ ጥያቄዎቹ እንመለስ።

ከሸዋ ሮቢት፣ ሌላ አባል፦ ላይክ ማድረግ ያስከስሳል ወይ?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ።

ከደብረ ሲና፦ ይቅርታ ጋሼ፤ በስሜ «የዕቁብ ገንዘብ በልቷል» ብሎ የጻፈው ጎረቤቴ ነው፤ ሁለት ወር ሆኖታል።

መልስ፦ እንዲህ ሲጠየቅ ይመለሳል። ይህ ጥላቻ ንግግር አይደለም፤ አዋጁ የሚመለከተው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳተኝነት ላይ የተመሠረተ ጥላቻን ነው። የእርስዎ ጉዳይ ስም ማጥፋት ስለሆነ በግል አቤቱታ ይቀርባል፤ አቤቱታውም ድርጊቱንና አድራጊውን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። አንድ ወር ገደማ ቀርቶዎታል። ጽሑፉን አስቀርተዋል?

ከደብረ ሲና፦ በሽማግሌ አስነግሬው አጠፋው።

መልስ፦ ከመጀመሪያው መስመር ጀምሮ ምን ስል ነበር? ጽሑፉን ያዩትን ሰዎች ስም ዛሬውኑ ይጻፉ፤ በስልኩ ያስቀረ ሰው ካለም ይፈልጉና ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ይምጡ።