ዕቅድ ለሚያስጨንቃችሁ ልጆች

ልጆቼ፣ እዚህ እስራኤል ከወጣቶች ጋር በሶሻል ወርከርነት ስሰራ ብዙ አመቴ ነው፣ በየአመቱ የአይሁድ አዲስ አመት ሮሽ ሃሻና ሲደርስ አዲስ ደብተር ገዝታችሁ "ዘንድሮ በቃ እለወጣለሁ" ትሉኛላችሁ፣ 20 ነገር ትፅፋላችሁ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ የሚመጣው የዳስ በዓል ሱኮት ሳያልፍ ደብተሩ የት እንደገባም አይታወቅም። ከዛ ራሳችሁን ሰነፍ ትላላችሁ። ይሄ ነው የሚያመኝ። እኔም ኤዲኤችዲ አለብኝ፣ ትኩረትንና ጊዜን መያዝ የሚያስቸግር የጭንቅላት አሰራር ማለት ነው፣ የታወቀልኝ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው፣ እስከዛ ሰነፍ የሚለውን ቃል ከአስተማሪ ሰምቼ ስሸከመው ኖሬያለሁ።

አይሁዶች የሚያወሩት አንድ የቆየ ቀልድ አለ። በጣም ዝንጉ ሰውዬ ነው አሉ፣ ጠዋት ጠዋት ልብሱ ይጠፋበታል። አንድ ማታ ወረቀት አወጣና ሱሪ ወንበር ላይ፣ ኮፍያ ሚስማር ላይ፣ ጫማ አልጋ ስር፣ እኔ አልጋ ላይ ብሎ ፅፎ ተኛ። ሲነጋ ሱሪውን አገኘ፣ ኮፍያውንም ጫማውንም አገኘ፣ አልጋውን ቢያይ ባዶ ነው፣ "ወይኔ! እኔስ የት ሄድኩ?"

የእናንተም ወረቀት ላይ ኪሎ መቀነስ አለ፣ መንጃ ፈቃድ አለ፣ ገንዘብ ማጠራቀም አለ፣ እናንተ ግን የላችሁበትም፣ ማለቴ ያ ሁሉ የሚሰራበት ጭንቅላት ምን አይነት እንደሆነ አልታሰበበትም። ኤዲኤችዲ ላለብን ለኛ አይነቱ ጊዜ ሁለት ብቻ ነው፣ አሁን የሆነና አሁን ያልሆነ። "እስከ ፋሲካ እጨርሳለሁ" ያላችሁት ሁለተኛው ውስጥ ይገባና ፋሲካ ሊገባ ሶስት ቀን ሲቀረው በድንጋጤ ይወጣል። ፍላጎት አጥታችሁ አይደለም፣ ሩቅ ያለ ነገር ጭንቅላታችንን አያስነሳውም፣ እዚሁ ቅርብ ያለ ነው የሚያስነሳው።

ስለዚህ አመቱን ተዉትና ወሩን ያዙ። የጥንቱ የአይሁድ ህግ መፅሀፍ ሚሽና ራሱ አዲስ አመት አንድ ነው አይልም፣ አራት ይቆጥራል፣ ለዛፎች እንኳን የራሳቸው አዲስ አመት አላቸው፣ ቱ ቢሽቫት የሚባል። ደግሞ በየወሩ የወር መባቻ በዓል ሮሽ ሆዴሽ አለ፣ ወላጆቻችን ጎንደር እያሉ ጨረቃ ስትወጣ ያከብሩ የነበረው። ከጨረቃ እስከ ጨረቃ 29 ወይ 30 ቀን ነው፣ አንድ ነገር ብቻ ምረጡ፣ ፃፉና ፍሪጅ ላይ ለጥፉት፣ ደብተር ውስጥ አይሁን፣ ያልታየን ነገር እንረሳዋለን። ካልሆነም ጨረቃዋ ትመለሳለች፣ እንደገና ትጀምራላችሁ፣ እስከ መስከረም መጠበቅ የለም።

ብቻችሁንም አትሁኑ። የአይሁድ ሃይማኖት ትምህርት ቤት፣ የሺቫ ውስጥ ሃቭሩታ የሚባል አለ አይደል፣ ሁለት ሁለት ሆኖ መማር? እሱን ለስራ አድርጉት። ጓደኛችሁ አጠገባችሁ ተቀምጦ የራሱን ይስራ፣ ሌላ ምንም አያስፈልግም፣ ሰው አጠገባችን ሲኖር እጃችን ከስራው አይነሳም። የኤዲኤችዲ መድሀኒት ካስፈለገ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ ተነጋገሩ፣ አትፈሩ፣ አትደብቁ።

የኔ ፍሪጅ ላይ በዚህ ወር ያለው "ማታ ማታ 10 ደቂቃ መራመድ" ነው፣ ጎረቤቴ በሩን ታንኳኳለች፣ አብረን እንወጣለን።