ጤፍን ልተወው ወይ? ስለ ተመራማሪዎች ደረጃና ስለ አማካሪ ምርጫ

ሌሎችም የሚጠይቁት ስለሆነ ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። በዕፅዋት ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪሽን ይዘሽ ለማስተርስ ውጭ አገር ልታመለክቺ ነው። የዕፅዋት ሳይንስና የአግሮኖሚ (የሰብል አመራረት ጥናት) ተመራማሪዎችን በጥቅስ ብዛት፣ ማለትም ጽሑፎቻቸው በሌሎች ጽሑፎች ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ እያየ የሚደረድር ዝርዝር አግኝተሽ፣ ከላይ ላሉት በየተራ ልትጽፊላቸው አስበሻል። ከፊተኞቹ መካከል በጤፍ ላይ የሚሠራ ስላጣሽ ደግሞ «ጤፍን ትቼ ወደ አራቢዶፕሲስ ብዞር ይሻለኛል ወይ?» ብለሻል (አራቢዶፕሲስ ተመራማሪዎች ለሙከራ በብዛት የሚጠቀሙበት ትንሽ ተክል ነው)።

በዚህ ምክንያት ጤፍን አትተዪ። ለምን እንደምልሽ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ስታዪ ይገባሻል (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ)።

እንዲህ ያሉ ዝርዝሮች ብዙውን ጊዜ የሚቆሙት በኤች ኢንዴክስ ላይ ነው፤ የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያቀረበው ስሌት ነው። አንድ ተመራማሪ አምስት ጽሑፎች ቢኖሩትና 40፣ 22፣ 9፣ 4 እና 2 ጊዜ ቢጠቀሱለት ኤች ኢንዴክሱ 4 ነው፤ ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ 4 ጽሑፎች አሉትና። ይህ ቁጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ስለዚህ አርባ ዓመት የሠራ ሰው፣ ምርምሩን ከቀነሰ በኋላም ቢሆን፣ ከብርቱ ወጣት በላይ እንደተቀመጠ ይቆያል። አንቺ የምትፈልጊው ግን በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ረቂቅሽን የሚያነብልሽን ሰው ነው።

የመስኩ ስፋትም አለ። አራቢዶፕሲስ ሙሉ ጂኖሙ (የዘር መረጃው) ከዕፅዋት ሁሉ ቀድሞ፣ በ2000፣ የታተመ ተክል ነው፤ በብዙ አገር ያሉ ላብራቶሪዎች ይሠሩበታል። አንድ ጥሩ ጽሑፍ ሲወጣ የሚጠቅሰው ሰው ሞልቷል። የጤፍ የመጀመሪያ ረቂቅ ጂኖም የወጣው በ2014 ነው፤ ተመራማሪዎቹም ጥቂት ናቸው። በጥራት እኩል የሆኑ ሁለት ጽሑፎች በጥቅስ እኩል የማይሆኑት ለዚህ ነው። ዕፅዋት ሳይንስንና አግሮኖሚን አንድ ላይ መደርደሩ ራሱ ለእኔ ትክክል አይመስለኝም፤ የአግሮኖሚው ሰው የማሳ ሙከራውን ለማተም ሁለትና ሦስት ክረምት ይጠብቃልና።

ከሁሉ በላይ ግን ጥቅስ የሚቆጥረው ጽሑፍ የሚጽፉ ሰዎችን ብቻ ነው። በቲሹ ካልቸር (የዕፅዋትን ሴልና ቲሹ በላብራቶሪ የማሳደግ) ትምህርትሽ የተጠቀምሽበትን ኤም ኤስ ሚዲያ የተባለ የማሳደጊያ ንጥረ ምግብ አስታውሺ። ሙራሺጌና ስኩግ ለትምባሆ ሴሎች አዘጋጅተው በ1962 ያሳተሙት ነው፤ በሚዲያው የሚሠራ ሁሉ ስለሚጠቅሳቸው ጽሑፉ በመስኩ እጅግ ከተጠቀሱት አንዱ ሆኗል፤ ይገባዋልም። አሁን ደግሞ ቁንጮ የተባለውን የጤፍ ዝርያ አስቢ። በደብረ ዘይት የግብርና ምርምር ማዕከል ዱከም የተባለው ምርታማ ጤፍ ማኛ ከተባለው ነጭ ጤፍ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ፣ በ2006 የተለቀቀ ዝርያ ነው። ገበሬው ብዙ ምርት ይፈልጋል፣ ገበያው ነጭ ጤፍ ይፈልጋል፤ ቁንጮ ሁለቱን አገናኘ። የዘራው ገበሬ ግን ማንንም በግርጌ ማስታወሻ አይጠቅስም። ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙትም ድርቅንና አቀንጭራ የተባለውን ጥገኛ አረም የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው ገበሬው እጅ እንዲገባ ስላደረጉ ነው።

ዝርዝሩን ጣዪው አላልኩም፤ ስም መፈለጊያ አድርጊው። በዚያ ላይ ያሉ የስንዴና የሩዝ ሰዎች ለጤፍ ጥያቄ ሊጠቅሙሽ ይችላሉ። የጤፍ ትልቁ ችግር ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ማዳበሪያ ሲበዛለት አገዳው ይጋደማል። ስንዴ ይህን ችግር በአብዛኛው ያለፈው በአጫጭር ዝርያዎች ነው፤ የስንዴ ተመራማሪው ኖርማን ቦርሎግ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ካገኘበት ሥራ አንዱ ክፍል ይኸው ነው። እንግዲህ የስንዴን ቁመት ለሚያጠና ቡድን «ይህን ጥያቄ በጤፍ ላይ መጠየቅ እፈልጋለሁ» ብለሽ ብትጽፊ፣ ራሱን የቻለ ጥያቄ ይዘሽ ቀረብሽ ማለት ነው። ከብዙ አመልካች የሚለይሽ ይህ ይመስለኛል።

ስም ስትመርጪ ጎግል ስኮላር (የምርምር ጽሑፎች መፈለጊያ) ገብተሽ የሰውየውን ጽሑፎች በዓመት ደርድሪያቸው። የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት ብቻ እዪ። በጽሑፎቹ ላይ ስማቸው መጀመሪያ የተጻፈው ደራሲዎች የእሱ ተማሪዎች ናቸው ወይ? ዛሬስ የት ደርሰዋል? ከነሱ አንዱን አግኝተሽ «ረቂቅ ስትሰጡት በስንት ጊዜ ይመልሳል? ማሳ ድረስ ይመጣል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ተማሪዎች ይህን ሲጠየቁ አብዛኞቹ በግልጽ ይመልሳሉ። ከየትኛውም ደረጃ የበለጠ የማምነው ይህንን መልስ ነው።

ለሃምሳ ሰው አንድ ዓይነት ኢሜይል አትበትኚ። አምስት ወይም ስድስት ሰው ይበቃል፤ ከእያንዳንዳቸው አንድ ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቢ። ኢሜይሉ ከአሥራ አምስት መስመር አይለፍ። ኤች ኢንዴክሳቸውን አንስተሽ አታወድሺያቸው፤ ካነበብሽው ውስጥ ያልገባሽን ወይም በጤፍ ላይ ሊሞከር የሚችለውን አንድ ነገር ጻፊ። የመመረቂያ ጽሑፍሽን አንድ ገጽ ማጠቃለያና የትምህርት ማስረጃሽን አያይዢ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካልመጣ አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሺና ወደሚቀጥለው ስም እለፊ።